ግዥና ጨረታ በቴክሳስ ትምህርት ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጽዳት ድርጅት ያለው፣ ቫን ገዝቶ ትራንስፖርት የጀመረ፣ ለዝግጅት ምግብ የሚያቀርብ፣ በአስተርጓሚነት የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን ሰፈሩ ያለውን ትምህርት ቤት አይቶ «እዚህስ እንዴት ነው የሚገባው?» ማለቱ አይቀርም። የአሜሪካ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የግዥ ሕግ ስላላቸው ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ መጨረስ አይቻልም። እዚህ የያዝኩት ቴክሳስን ነው። ዳላስና ሂዩስተን አካባቢ የኛ ሰው በዝቷል፤ ሕጉም በአብዛኛው አንድ ቦታ፣ በስቴቱ የትምህርት ሕግ ምዕራፍ 44 ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላለ ሰው አካሄዱ ይቀራረባል፤ ያለ ጨረታ የሚገዛበትን የገንዘብ ጣሪያ ግን ከራሱ ዲስትሪክት፣ ማለትም ከአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ያረጋግጥ።

የሚገዛው ማነው? ርዕሰ መምህሩን ማናገር ይበቃል?

አይበቃም። ርዕሰ መምህሩ «ይህ ያስፈልገኛል» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ገዢው ዲስትሪክቱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከ1,000 በላይ ዲስትሪክቶች አሉ። እያንዳንዱ ቦርድ አለው፣ ቦርዱ የቀጠረው ሱፐርኢንተንደንት (ዋና ኃላፊ) አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የግዥ ክፍል አለ። ትንንሹን ግዥ የግዥ ክፍሉ ይጨርሰዋል። ትልልቁን ቦርዱ ስብሰባ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ያጸድቀዋል። ዲስትሪክቱ ትንሽ ከሆነ «የግዥ ክፍል» የሚባለው አንዲት የፋይናንስ ሠራተኛ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙ። የግዥ ትዕዛዝ፣ በተለምዶ «ፒ ኦ» የሚባለው ቁጥር ያለው ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ዕቃ አያስረክቡ፣ ሥራም አይጀምሩ። «ግድ የለም ጀምሩት፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። በቅንነት ነው የሚለው። ክፍያ ሲጠየቅ ግን ዲስትሪክቱ «እኔ አላዘዝኩም» ሊል ይችላል፣ ያ ደግ ሰውም ምንም ሊያደርግልዎት አይችልም።

ጨረታ ግዴታ የሚሆነው ከስንት ዶላር ጀምሮ ነው?

ለብዙ ዓመታት ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አድርጎታል። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኟቸው ብዙ መመሪያዎች አሁንም የድሮውን ቁጥር ይዘው ስለሚቆዩ ቀናቸውን ይዩ። ዲስትሪክቱም በራሱ መመሪያ ከሕጉ ጠበቅ ያለ ጣሪያ ሊያወጣ ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው ግን በቁጥሩ ሳይሆን በአቆጣጠሩ ነው። ሂሳቡ የሚያዘው በአንድ ደረሰኝ አይደለም፤ ዲስትሪክቱ በ12 ወር ውስጥ ለዚያ ዓይነት ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያወጣው ሁሉ ይደመራል። ሃያ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው በዓመት 6,000 ዶላር ለምንጣፍ እጥበት ቢያወጡ 120,000 ይሆናል። የአንዱ ሂሳብ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ድምሩ ግን ጨረታ ይጠይቃል።

«ታዲያ ከፋፍለን ብንገዛስ?» የሚል ካለ፣ ከጨረታ ለማምለጥ ተብሎ ግዥን መሸንሸን ቴክሳስ ውስጥ ወንጀል ነው። ክፍል ቢ ሚስዲሚነር ይባላል፤ እስከ 180 ቀን እስርና እስከ 2,000 ዶላር ቅጣት ያመጣል። ስለዚህ የግዥ ሠራተኛዋን «ይህን ለሁለት ኢንቮይስ ከፋፍይልኝ» ሲሏት ፊቷ ቢቀያየር አይቀየሟት።

ገንዘቡ ከፌደራል መንግሥት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከምሳ ፕሮግራሙ፣ የፌደራሉ የግዥ ደንብም አብሮ ይመጣል። ሁለቱ ሲለያዩ ጠበቅ ያለው ነው የሚሠራው።

ከጣሪያው በታች ያለውስ እንዴት ነው የሚገዛው?

በዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ አገር ቤት ፕሮፎርማ የምንለው ማለት ነው። ስንት ፕሮፎርማ እንደሚሰበሰብ የየዲስትሪክቱ መመሪያ ይወስናል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሦስት መጠየቅ የተለመደ ነው።

ለአዲስ ገቢ ትክክለኛው በር ይሄ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ትልቁን የሦስት ዓመት ውል አይቶ ይጀምራል፣ ሪፈረንስ ሲጠየቅ ይወድቃል። ሁለት ሦስት ትንንሽ ሥራዎችን በአግባቡ ጨርሶ፣ ከየትምህርት ቤቱ የምስክር ስልክ ይዞ ወደ ጨረታው የሚመጣ ሰው ሌላ ሰው ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ደብልዩ 9 የሚባለው የግብር ቁጥር መግለጫ ቅጽ፣ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት፣ በዲስትሪክቱ የአቅራቢዎች ፖርታል ላይ መመዝገብ። ምዝገባ ላይ የሚሸጡትን ነገር የሚገልጹ የኮድ ቁጥሮች ይመርጣሉ። ኮዱን በግዴለሽነት የሞላ ሰው ጨረታ ሲወጣ ኢሜይል አይደርሰውም፣ ከዚያ «ለራሳቸው ሰው ነው የሚነግሩት» ብሎ ያማል።

የፌደራል ምዝገባ፣ ሳም ዶት ጋቭ የሚባለው፣ በነጻ ነው። «500 ዶላር ክፈሉና እናስመዝግባችሁ» ብሎ የሚደውል ሰው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም።

«ቢድ» እና «አር ኤፍ ፒ» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ልዩነታቸው ኪስዎን ይነካል። ቢድ ላይ የሚፈለገው ነገር ጥርት ብሎ ተጽፏል። ዋጋዎን ይሰጣሉ፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ድርድር የለም። አር ኤፍ ፒ ወይም ፕሮፖዛል ላይ ግን ዲስትሪክቱ ችግሩን ይነግርዎታል፣ እርስዎ አሠራርዎን ጽፈው ያቀርባሉ፣ ከተከፈተ በኋላም መደራደር ይቻላል። በፕሮፖዛል ጊዜ ዋጋ ብቻ በትኖ መሄድ ከወዲሁ መሸነፍ ነው።

ሁለቱም በአካባቢው ጋዜጣ ይታወጃሉ፤ ሕጉ ከመዝጊያው በፊት በሳምንት አንዴ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጋዜጣውን የሚጠብቅ ነጋዴ የለም። ሁሉም ፖርታሉን ነው የሚያየው።

ዋጋዬ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር። ለምን ተሸነፍኩ?

ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ከቅሬታ ጋር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለብዙ ግዥዎች ብቁ ከሆኑት ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። ቴክሳስ ግን የሚለው ለዲስትሪክቱ «ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም» ነው። ሕጉ ራሱ የሚታዩትን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ዋጋ፣ የአቅራቢው ስም፣ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ጥራት፣ ከዲስትሪክቱ ፍላጎት ጋር መጣጣሙ፣ ቀድሞ ከዲስትሪክቱ ጋር የነበረው ግንኙነት፣ በረጅም ጊዜ የሚያስወጣው ወጪ፣ ሌሎችም አሉ። ዲስትሪክቱ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ በጨረታ ሰነዱ ላይ ያወጣል።

በቁጥር እንየው። ምሳሌው የኔ ነው፣ አሠራሩ ግን የተለመደ ነው። አንድ የጽዳት ጨረታ ለዋጋ 40፣ ለልምድና ሪፈረንስ 25፣ ለሥራ ዕቅድ 25፣ ከዲስትሪክቱ ጋር ለነበረ ሥራ 10 ነጥብ ይሰጣል እንበል። ድርጅት ሀ 80,000 ዶላር ጠየቀ። ድርጅት ለ 100,000 ጠየቀ። ዝቅተኛው ሙሉ 40 ይወስዳል። የሌላው ነጥብ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለራሱ ዋጋ አካፍሎ በ40 በማባዛት ነው፦ 80,000 ለ100,000 ሲካፈል 0.8፣ በ40 ሲባዛ 32። አያችሁ? የ20,000 ዶላር ልዩነት የገዛው 8 ነጥብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሀ ሪፈረንስ ቦታ ላይ የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ጽፎ 12 አገኘ። የሥራ ዕቅዱ ግማሽ ገጽ ነበር፣ 13። ለ ሦስት ትምህርት ቤቶችን በስም ጠቅሶ 23፣ ሠራተኛ ቢቀር ማን እንደሚተካና ሽንት ቤት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጸዳ ጽፎ 22 አገኘ። በመጨረሻው መስፈርት ሁለቱም 5። ድምር፦ ሀ 70፣ ለ 82። ሀ ቤቱ ሄዶ «ዘመድ ነው ያሸነፈው» ይላል። የተሸነፈው ግን ባልጻፈው ገጽ ነው።

ጨረታ ሰነድ ሲከፍቱ መጀመሪያ የነጥብ ሠንጠረዡን ፈልጉ። ዋጋ 70 ነጥብ ከያዘ በዋጋ ይታገሉ። 30 ከሆነ ዋጋ በመቀነስ ራስዎን አይጉዱ።

ሰው በብዛት የሚወድቀው ምኑ ላይ ነው?

ወረቀት ላይ ነው። የመዝጊያ ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ፣ በነሱ ሁለት ፒ ኤም ማለት ነው፣ 8 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ የመጣ ሰነድ አይከፈትም። አይዎንዌቭና ቦንፋየር የመሳሰሉት ፖርታሎች ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ የሚለምኑት ሰው የለም። የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ፋይል መጫን ከጀመሩ ኢንተርኔት የሚሄድበት ቀን ያ ነው።

ሌላው አደንደም ነው። ጨረታው ወጥቶ ሳለ ዲስትሪክቱ ማሻሻያ ያወጣል፦ ቀን ይለወጣል፣ ብዛት ይጨመራል። ማሻሻያውን ማየትዎን ፈርመው ካላስገቡ ሰነድዎ ጎደሎ ሊባል ይችላል። ፊርማ የሌለው የዋጋ ቅጽ፣ ባዶ የተተወ ሳጥን፣ ጊዜው ያለፈ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ደግሞ ዋጋዎ ሳይታይ ያስወጣዎታል። የማይመለከትዎትን ጥያቄ ባዶ አይተዉት፣ «አይመለከተኝም» ብለው ይጻፉበት።

ቅጾቹ ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ከሆነ የሚገለጽበት አለ። ከቦርድ አባል ወይም ከሠራተኛ ጋር የዝምድና ወይም የንግድ ግንኙነት ያለው የሚሞላው «ሲ አይ ኪው» የሚባል አለ። ውሉ የቦርድ ድምፅ ሲያስፈልገው ደግሞ ቅጽ 1295 ይመጣል፤ እሱ የሚሞላው በቴክሳስ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ነው። ዝምድና መኖሩ ብቻውን አያስወጣም። መደበቁ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ግዥ ክፍል ውስጥ የማውቀው ሰው ቢኖር አይጠቅምም?

ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ራስን ማስተዋወቅ፣ «እንዲህ ዓይነት ሥራ እሠራለሁ» ብሎ ካርድ መስጠት ነውር የለውም። ጨረታው ከወጣ በኋላ ግን ዝም ማለት ነው። ጥያቄ ካለዎት ሰነዱ ላይ ለተጻፈው ሰው፣ በጽሑፍ፣ እስከ ተባለው ቀን ድረስ ይልካሉ። መልሱ ለሁሉም ተጫራች ይወጣል። የቦርድ አባል ጋ ደውሎ «አስታውሰኝ» ማለት ከጨረታው ሊያስወጣዎት ይችላል። ምሳ ልጋብዝ፣ ለበዓል ዶሮ ልላክ የሚለው የኛ ወግም እዚህ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። የፌደራል ገንዘብ ባለበት ደግሞ የጨረታውን ዝርዝር መግለጫ በማዘጋጀት የረዳ ድርጅት ያንኑ ጨረታ መወዳደር አይችልም።

ሩቅ ሳንሄድ ዳላስ ውስጥ የሆነውን እንይ። የዳላስ ዲስትሪክት የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረ ሰው የቴክኖሎጂ ውሎችን ላገኘ ነጋዴ ሲያደላ፣ ነጋዴው ደግሞ ጀልባ ገዝቶ እንደልቡ እንዲጠቀምበት ሰጥቶት ነበር። ከገንዘቡ ብዙው ኢ ሬት ከሚባለው የፌደራል ፕሮግራም የመጣ ነው፤ ለትምህርት ቤቶች የኢንተርኔት ወጪ ከ20 እስከ 90 በመቶ የሚሸፍን። በ2008 የፌደራል ዳኞች ሸንጎ ጥፋተኛ አላቸው። ኃላፊው 11 ዓመት፣ ነጋዴው 10 ዓመት ተፈረደባቸው። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ቤቶቹ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሴት ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ያለ ጨረታ እንዲሰጥ አድርገው በ2015 ጥፋታቸውን አመኑ፤ አራት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባቸው። ሁለቱም ጉዳዮች ውስጥ ሻጩ ወገንም አብሮ ነው የገባው።

ያለ ጨረታ ውል የሚሰጥበት ሕጋዊ መንገድ አለ?

አለ። ዕቃው በፓተንት ወይም በኮፒራይት የተያዘና ከአንድ ሰው ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ለነበረ ማሽን ከአምራቹ በቀር የማይገኝ መለዋወጫ ከሆነ፣ መብራትና ውኃ ከሆነ ጨረታ አያስፈልግም። ሕንፃ ወይም መሣሪያ በድንገት ተቃጥሎ ወይም ተበላሽቶ ጨረታ መጠበቁ ትምህርት የሚያስተጓጉል ከሆነ ቦርዱ ወስኖ በሌላ መንገድ ይገዛል። የአትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም የተሽከርካሪ ነዳጅ ግዥ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። አርክቴክትና መሐንዲስ ደግሞ ጭራሽ በዋጋ አይወዳደሩም፤ መጀመሪያ በችሎታ ይመረጣሉ፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚነሳው።

ከሁሉም በላይ በብዛት የሚሠራበት ግን ኮኦፕ፣ የጋራ ግዥ ማኅበር፣ ነው። ባይቦርድ እና ቲፕስ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። አንድ ጊዜ ጨረታ ያወጣሉ፣ ያሸነፉትን በዝርዝር ይይዛሉ፣ አባል የሆነ ዲስትሪክት ሁሉ አዲስ ጨረታ ሳያወጣ ከዝርዝሩ ይገዛል። «እኛ ሰፈር ያለው ዲስትሪክት ጨረታ አያወጣም» የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት ጊዜ ይወስዳል፣ ከሽያጩም ለኮኦፕ የሚከፈል ሊኖር ይችላል። ለትልቅ አቅራቢ ይመቻል። ሁለት ቫን ላለው ሰው ግን ፕሮፎርማው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሲፒኦ ይጠየቃል?

አገር ቤት የለመድነው የጨረታ ማስከበሪያ እዚህ በብዛት የሚታየው ግንባታ ላይ ነው። ለዲስትሪክት የሚሠራ ግንባታ ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሆን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ ከ25,000 በላይ ሲሆን ለሠራተኛና ለዕቃ አቅራቢዎች የክፍያ ዋስትና ሕጉ ይጠይቃል። ዋስትናው የሚመጣው ከዋስትና ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ የሂሳብ መዝገብዎን ሳያገላብጥ አይሰጥም። ለጽዳት፣ ለምግብ፣ ለትርጉም ሥራ ይህ ያን ያህል አያጋጥምም።

«መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋ የጋዜጣ መስመር ግን እዚህም አልቀረችም። በእንግሊዝኛ ተጽፋ እያንዳንዱ ሰነድ ላይ አለች።

ሠራተኞቼ ልጆች ባሉበት የሚሠሩ ከሆነስ?

አሻራ ይሰጣሉ። ከተማሪ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ የኮንትራክተር ሠራተኛ የወንጀል ታሪኩ በአሻራ ይመረመራል። ጊዜ ስለሚወስድ ውሉን ከፈረሙ በኋላ ሰው መቅጠር አይጀምሩ።

ክፍያ መቼ ይመጣል?

ሕጉ የሚለው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ቦርዱ በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሰበሰብ ከሆነ 45 ቀን። ከዚያ ካለፈ ወለድ ይታሰባል። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ተሟልቶ ኢንቮይሱም ከደረሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ኢንቮይሱን ላኩና አትርሱት። የፒ ኦ ቁጥሩን ይጻፉበት። የሽያጭ ታክስ አይጨምሩበት፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ከእሱ ነጻ ነው። የሁለት ወር ደሞዝ መክፈያ ሳይዙ ሥራውን መውሰድ ግን አደጋ አለው። ሠራተኛዎ 45 ቀን አይጠብቅም።

ተሸነፍኩ፣ አልተስማማሁም። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መጀመሪያ የግዥ ክፍሉን «ነጥቤን ማየት እፈልጋለሁ» ይበሉ። ብዙዎቹ በደስታ ያስረዳሉ። ቅሬታ ማቅረብ ከፈለጉ የቀን ገደቡ ሰነዱ ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው።

ከዚያ በተጨማሪ የቴክሳስ የመረጃ ሕግ አለ። ውል ከተፈረመ በኋላ የአሸናፊውን ዋጋ፣ የተመዘነበትን መስፈርትና የተመረጠበትን ምክንያት መጠየቅ ይቻላል፤ በ2019 የወጣ ማሻሻያ ይህንን መረጃ ለመደበቅ አስቸጋሪ አድርጎታል። ወላጅም ቢሆን፣ ማንም ነዋሪ ቢሆን ይጠይቃል፤ ለምን እንደፈለገው የመናገር ግዴታ የለበትም።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ በስልክ የተባለ አይቆጠርም። ዲስትሪክቱ መረጃው አይሰጥም የሚል ከሆነ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የስቴቱን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ማስወሰን አለበት። የሚልኩት ኢሜይል ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ የጨረታው ቁጥር፣ «የአሸናፊውን ሙሉ ፕሮፖዛልና የሁሉንም ተጫራቾች የነጥብ ሠንጠረዥ ላኩልኝ»፣ ስምዎና ኢሜይልዎ። የሚመጣልዎትን ፋይል አስቀምጡት። ያ ጨረታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሉ ሲያልቅ እንደገና ይወጣል፣ ያኔ የአሸናፊው ሰነድ እጅዎ ላይ ነው።